የሕንዳውያን ስፖርቶች፦ የትኛውን ልከታተል፣ የትኛውንስ ልጫወት?

ለትምህርት ወደ ፑኔ ወይም ወደ ዴልሂ የሄደ ተማሪ፣ በዱባይና በሻርጃ ከሕንዳውያን ጋር በአንድ ሕንፃ የሚኖር ሠራተኛ፣ ወይም የሕንድ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በዲሽ የሚገቡለት የአዲስ አበባ ነዋሪ ብዙ ሳይቆይ አንድ ነገር ይታዘባል። ጎረቤቶቹ ወይም የስክሪኑ ተመልካቾች በአንድ ምሽት በአንድ ድምፅ ጮኸው ይነሣሉ፤ በሌላ ምሽት ደግሞ ሐዘን እንደ ገባበት ቤት ፀጥ ይላሉ፤ እርሱ ግን የደስታውም የሐዘኑም ምክንያት አይገባውም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። የሕንድን ስፖርቶች በሙሉ ለመዘርዘር አላሰብሁም፤ አንባቢው ያለውን ጊዜ፣ ያለበትን ቦታና የሰውነቱን ዐቅም አገናዝቦ ከየትኛው ቢጀምር እንደሚሻለው ለመጠቆም ያህል ነው። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከምርጫው በፊት መታረም ያለበት አንድ ግምት አለ። «የሕንድ ስፖርት ክሪኬት ነው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ክሪኬት አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያነጋግር ጨዋታ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ የኮልካታ ሰው በክለብ እግር ኳስ ከወንድሙ ጋር ይጣላል፤ በኦዲሻ የሱንዳርጋር ወረዳ ልጆች ገና በእግራቸው ሲሄዱ የሆኪ ዱላ ይይዛሉ፤ የሃርያና ገበሬ ልጁን ወደ ትግል ሜዳ ይወስዳል፤ የቼናይ እናት ደግሞ ልጇን ቼዝ ታስተምራለች። ሆኪ የሕንድ ብሔራዊ ጨዋታ ነው ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲነገር ቢኖርም፣ የአገሪቱ መንግሥት በ2012 ለቀረበለት ጥያቄ ብሔራዊ ተብሎ የተሰየመ ጨዋታ እንደሌለ መልሷል። ስለዚህ ከሕንዳዊ ወዳጁ ጋር ስለ ስፖርት ሊጨዋወት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚወደውን ተጫዋች ባይጠይቀው ይመረጣል። «አገርህ የት ነው? የየትኛው ክፍለ ግዛት ሰው ነህ?» ቢለው ግን ከግማሽ በላይ የሆነውን መልስ በዚያው ያገኘዋል።

ክሪኬት፦ ወሬ ለመካፈል

ክሪኬትን መምረጥ ያለበት ከሕንዳውያን ጋር የሚውልና ወሬያቸውን ለመካፈል የሚሻ ሰው ነው። በባቡር ወይም በሻይ ቤት የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ «ስንት ደረሰ?» ብለው ወሬ የሚጀምሩበት ሌላ ጨዋታ በዚያ አገር የለም።

ጨዋታው ለእኛ ሰው እንግዳ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። በእግር ኳስ ሁለቱም ቡድኖች በየቅጽበቱ ያጠቃሉ፣ ይከላከላሉ፤ በክሪኬት ግን አንዱ ቡድን በተራው ነጥብ ሲሰበስብ ሌላው ሊያስቆመው ይጥራል፣ ከዚያም ተራ ይለዋወጣሉ። በሜዳው መካከል 20 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የተደለደለ ጠንካራ መሬት አለ፤ በሁለቱም ጫፎቹ ሦስት ሦስት ዘንጎች ተተክለዋል። ወርዋሪው ከአንዱ ጫፍ ይወረውራል፤ መቺው በሌላው ጫፍ ቆሞ ዘንጎቹን እየጠበቀ ይመታል። መትቶ ከጓደኛው ጋር ሮጦ ቦታ በተለዋወጠ ቁጥር አንድ ነጥብ፣ ኳሷ መሬት ነክታ ድንበር ካለፈች አራት፣ በአየር ካለፈች ስድስት ነጥብ ይመዘገብለታል። ኳሷ ዘንጎቹን ካገኘችበት፣ ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበችበት ይወጣል። ስድስት ውርወራ አንድ «ኦቨር» ይባላል። የቀረው ሕግ እያዩ የሚለመድ ነው፤ መቺው ኳሷን በእግሩ ሲያግድ ስለሚወጣበት ሁኔታ የሚደነግገው አንቀጽ ሕንዳውያንን ራሳቸውን ዘወትር የሚያጨቃጭቅ ስለሆነ ጀማሪ ባይገባው ሊያፍር አይገባም።

ክሪኬት በሦስት መልክ ይቀርባል። «ቴስት» የሚባለው አምስት ቀን ድረስ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ከአምስት ቀን በኋላም አሸናፊ ሳይለይ ሊያበቃ ይችላል። የአንድ ቀኑ ጨዋታ ለእያንዳንዱ ቡድን 50 ኦቨር ይሰጣል፤ ጠዋት ተጀምሮ ወደ ማታ፣ ወይም ከቀትር በኋላ ተጀምሮ ወደ ሌሊት ይደርሳል። ሦስተኛው «ቲ ትዌንቲ» ለየቡድኑ 20 ኦቨር የሚፈቅድ ሲሆን ከሦስት ሰዓት በላይ ጥቂት ቆይቶ ያልቃል። ጀማሪ በዚህ በሦስተኛው ይጀምር ማለት የተለመደ ምክር ነው፤ እኔም እስማማበታለሁ። ነገር ግን ሕንዳውያን ሽማግሌዎች ስለ ክሪኬት ሲያወሩ ዓይናቸው የሚያበራው ስለ ቴስት ሲያነሡ ነው። በመጋቢት 2001 በኮልካታው ኤደን ጋርደንስ ሜዳ አውስትራሊያ ሕንድን እጅግ ርቃ እየመራች ሳለ፣ ላክስማንና ድራቪድ የሚባሉ ሁለት መቺዎች አራተኛውን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሳይወጡ ዋሉ። የመጀመሪያው 281፣ ሁለተኛው 180 ነጥብ አስቆጠሩ፤ በማግሥቱም ሕንድ አሸነፈች። ሁለት ሰዎች ቀኑን ሙሉ አለመሸነፋቸው ብቻ እንደ ጀግንነት የሚቆጠርበትን ጨዋታ ለመውደድ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜ የሌለው ሰው አይሞክረው።

ፍቅሩ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ሁለት ዓመቶችን መያዝ ይበቃል። በ1983 በካፒል ዴቭ የሚመራው የሕንድ ቡድን በለንደኑ ሎርድስ ሜዳ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲቀርብ፣ ቀደም ያሉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን ደሴቶች የጋራ ቡድን) ነበረች ተጋጣሚው። ሕንድ ያስቆጠረችው 183 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ጉዳዩ ያለቀ ይመስል ነበር። ዌስት ኢንዲስ ግን በ140 ተጠናቀቀች። ሁለተኛው ዓመት 2008 ነው። በዚያ ዓመት የሕንድ ፕሪሚየር ሊግ ተመሠረተ፤ ከተሞች በስማቸው ቡድን ያዙ፤ ተጫዋቾች በጨረታ ይገዙ ጀመር፤ ክሪኬትም ከስፖርትነቱ ባሻገር የምሽት መዝናኛ ሆነ። ዛሬ 10 ቡድኖች ያሉት ይህ ሊግ አብዛኛውን ጊዜ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይካሄዳል። የማታው ጨዋታ በሕንድ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ስለሚጀምር በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በዱባይ ደግሞ 12 ሰዓት ላይ ይገጥማል፤ ከሥራ ለሚወጣ ሰው ከዚህ የተመቸ ሰዓት የለም።

ክሪኬት የወንዶች ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ካለ፣ ኅዳር 2 ቀን 2025 በናቪ ሙምባይ የሆነውን ይመልከት። በሃርማንፕሪት ካውር የሚመራው የሴቶች ቡድን ደቡብ አፍሪካን አሸንፎ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫን ወሰደ። ሴት ልጅ ላለው ወላጅ የሴቶቹን ሊግ መከታተል ከወንዶቹ ይልቅ የሚቀልና ጩኸቱም የሚያንስ ነው።

መጫወትን በተመለከተ ግን ምክሬ ይለያል። እውነተኛዋ ኳስ በቆዳ የተሸፈነች፣ ክብደቷም 160 ግራም ገደማ የሆነ ጠንካራ ነገር ስለሆነች፣ የራስ ቆብ፣ ጓንትና የእግር መከላከያ ሳያደርጉ መግጠም ሞኝነት ነው፤ ዕቃው ደግሞ ውድ ነው። ሕዝቡ የሚጫወተው ሌላ ነው። በዕረፍት ቀን ማለዳ በሻርጃ ወይም በዱባይ ዳርቻ ባሉ አሸዋማ ሜዳዎችና ባዶ የመኪና ማቆሚያዎች የሚያልፍ ሰው ያየዋል፤ ዘንጉ የተደረደረ ጡብ ወይም የፕላስቲክ ወንበር ነው፣ ኳሷም የቴኒስ ኳስ ናት። የሰፈር ክሪኬት የራሱ ሕግ አለው። አንድ ጊዜ ብቻ ነጥራ በአንድ እጅ የተቀለበች ኳስ መቺውን ታስወጣለች፤ ኳሷን በኃይል መትቶ ሰው ግቢ የከተተ ነጥብ ሊያገኝ ቀርቶ ራሱ ይወጣል፣ ሄዶ የሚያመጣትም እርሱ ነው። የዱላው ባለቤት የሆነ ልጅ ሲወጣ ተቆጥቶ ዱላውን ይዞ ቤቱ የሚገባበት ጊዜም አለ፤ በዚህስ የእኛ ሰፈር ኳስ ባለቤቶች ወንድሞቹ ናቸው። ጠርተው ካስገቡ እንቢ ማለት አይገባም፤ እዚያ ቆሞ ኳስ መጠበቅ ጨዋታውን ከማንኛውም ጽሑፍ በተሻለ ያስተምራል።

ካባዲ፦ ለአንድ ምሽት፣ ያለ ማብራሪያ

ከሁሉም በፊት አንድ የሕንድ ጨዋታ ብቻ እንድመርጥ ብገደድ የምመርጠው ክሪኬትን ሳይሆን ካባዲን ነው። ምክንያቱም ኳስ የለም፣ ዱላ የለም፣ የሚቆጠረውም ሰው ነው፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመልካቹ ማን እያሸነፈ እንደሆነ ይለያል።

ሜዳው 13 በ10 ሜትር ሲሆን በመካከሉ በመስመር ተከፍሏል። በየወገኑ ሰባት ሰባት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ከአንዱ ወገን አንድ ሰው ብቻውን ወደ ጠላት ክልል ይገባል፤ «ካባዲ፣ ካባዲ፣ ካባዲ» እያለ በአንድ ትንፋሽ ሳያቋርጥ ይደጋግማል። በ30 ሰከንድ ውስጥ ከተከላካዮቹ አንዱን ወይም ከዚያ በላይ ነክቶ ወደ ክልሉ መመለስ አለበት። ከተመለሰ የነካቸው ሁሉ ይወጣሉ፤ ይዘው ካስቀሩት እርሱ ይወጣል። ነጥብ ያገኘ ቡድን ከወጡበት ተጫዋቾች በነጥቡ ልክ ይመልሳል፤ ሁሉም የወጡበት ቡድን ደግሞ ለተጋጣሚው ተጨማሪ ሁለት ነጥብ ይሰጥና እንደገና ሙሉ ሆኖ ይጀምራል። ጨዋታው ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው፤ በዕረፍቱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ቀረብ ብሎ ማየት የሚገባው ግን የሰባቱ አቋቋም ነው። ተከላካዮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ቅስት ይዘረጋሉ፤ በሁለቱ ዳር ያሉት ወራሪው እግሩን ሲዘረጋ ቁርጭምጭሚቱን ለመያዝ ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ። ወራሪው ወደ ግራ ያስመስልና ወደ ቀኝ ይላል፤ ጣቱን ዘርግቶ ይመለሳል፤ እግሩን ወደ ኋላ ይሰዳል። አንዱ ተከላካይ ቸኩሎ ብቻውን ዘልሎ ከያዘ ብዙውን ጊዜ ያመልጠዋል፤ ጥበቡ የቀሩት ስድስቱ በዚያው ቅጽበት መከተላቸው ነው። ወራሪው ሲከበብ ከተያያዙት ክንዶች በታች ሰንጥቆ የሚወጣበት ዘዴ «ዱብኪ» ይባላል፤ መጥለቅ ማለት ነው። በዚህ ዘዴ የገነነው ፓርዲፕ ናርዋል በሙያተኞቹ ሊግ ከ1,500 በላይ የወረራ ነጥብ ያስቆጠረ ሰው ነው። እጁ ተዘርግቶ የመካከለኛውን መስመር በጣቱ ጫፍ ከነካ፣ ሰባት ሰው ላዩ ላይ ቢተኛበት እንኳ፣ እንደ ተመለሰ ይቆጠርለታል።

ሙያተኛው ሊግ በ2014 ሲጀመር የገጠር ጨዋታ በቴሌቪዥን ማን ያየዋል ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ መብራት ተገጠመ፣ ሕዝቡም ተመለከተው። የእስያ ጨዋታዎች ከ1990 ጀምሮ ካባዲን ሲያካትቱ ወርቁ ሁልጊዜ የሕንድ ነበር፤ በ2018 በጃካርታ ግን የወንዶቹ ቡድን ለደቡብ ኮሪያ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ፣ በግማሽ ፍጻሜውም ኢራን ጥላው ወርቁን ወሰደች። ቀጥሎ በተደረገው በሃንግዡ ሕንድ ኢራንን 33 ለ29 አሸንፋ መልሳለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሲገናኙ ያለውን ፉክክር ማየት ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለ መግቢያ ይመስለኛል።

መጫወት ለሚፈልግ ሰው ካባዲ ምንም ወጪ የለበትም፤ ጉልበቱንና ትከሻውን ግን ያስከፍለዋል። ቀደም ሲል ጉልበቱ የተጎዳ ሰው እንዳይገባበት አጥብቄ እመክራለሁ። በፑንጃብ የሚወደደው የክብ ሜዳ ካባዲ ደግሞ የተለየ ነው፤ አንድ ለአንድ የሚደረግ፣ ግፊትና ጥፊ የበዛበት፣ ወደ ትግል የሚቀርብ ስለሆነ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት አይገባም።

ሆኪ፦ የገናን ጨዋታ ለሚያውቅ

በገና ዕለት ሩር ሲመታ ያደገ ሰው ለሜዳ ሆኪ ባይተዋር አይደለም። ጫፉ የታጠፈ ዱላ፣ ትንሽ ጠንካራ ኳስ፣ ወደ ተቃራኒ ወገን መግፋት፤ ሐሳቡ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በሥርዓቱ ላይ ነው። እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለን ለአንድ ቀን ሁሉን ስንፈቅድ፣ በሆኪ ግን ኳሷ እግር ከነካች ጥፋት ነው፤ ዱላው የሚመታው በጠፍጣፋው ጎኑ ብቻ ነው፤ ያጠፋ ተጫዋች በአረንጓዴ ካርድ ለሁለት ደቂቃ፣ በቢጫ ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ ይወጣል። ጨዋታው አራት ጊዜ 15 ደቂቃ ስለሆነ ለመከታተል አይከብድም።

ሆኪን ለመምረጥ ዋናው ምክንያት ታሪኩ ነው። ሕንድ በኦሊምፒክ የወንዶች ሆኪ ስምንት ወርቅ አላት፤ ከ1928 እስከ 1956 ባሉት ስድስት ኦሊምፒኮች ማንም አላሸነፋትም። በ1936 በበርሊን በድያን ቻንድ የሚመራው ቡድን ጀርመንን በራሷ ሜዳ 8 ለ1 ረታ። በ1948፣ ነጻነት በተገኘ በዓመቱ፣ ቡድኑ ለንደን ሄዶ እንግሊዞችን በዌምብሌይ 4 ለ0 አሸነፈ፤ ይህን ድል ሕንዳውያን እንዴት እንደሚያዩት ማስረዳት አያስፈልግም። የድያን ቻንድ ልደት ነሐሴ 29 ዛሬ የአገሪቱ የስፖርት ቀን ነው።

ከዚያ በ1976 ኦሊምፒክ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ተካሄደ። በተፈጥሮ ሣር ላይ ኳስን በዱላ አጣብቆ የማታለል ጥበብ ፈጣንና ለስላሳ በሆነው ምንጣፍ ላይ ዋጋው ቀነሰ፤ ምንጣፉ ደግሞ ውድ ነበርና በየመንደሩ ሊነጠፍ አልቻለም። ሕንድ በዚያ ዓመት ሰባተኛ ወጣች። ከ1980ው ወርቅ በኋላ ሌላ ሜዳሊያ ለማግኘት 41 ዓመት ፈጅቶባታል፤ በቶኪዮና ቀጥሎም በ2024 በፓሪስ ነሐስ አገኘች። ለዚህ ትንሣኤ የኦዲሻ መንግሥት ከ2018 ጀምሮ ብሔራዊ ቡድኖቹን በገንዘብ መደገፉ ትልቅ ድርሻ አለው። ሩርኬላ በምትባለው የብረት ከተማ በ2023 የተከፈተው ስታዲየም ከ20,000 በላይ ተመልካች ይይዛል፤ በሕንድ ሆኪን ከነሙሉ ስሜቱ ለማየት የምመርጠው ቦታ ይኸው ነው። ለመጫወት ግን ሜዳና ቡድን ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ በዩኒቨርሲቲ ያለ ሰው ካልሆነ በቀር ሌላ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ትግል፦ ማለዳ ለሚነሣ

በሂንዲ «ኩሽቲ» የሚባለው ትግል ከተመልካችነት ይልቅ የአኗኗር ጉዳይ ነው። ትግል የሚሠለጥኑበት «አካራ» የሚባለው ቦታ ብዙውን ጊዜ ጣሪያ ያለው የአፈር ጉድጓድ ሲሆን፣ በአጠገቡ ሃኑማን የሚባለው የሂንዱዎች አምላክ ምስል ይቆማል። አፈሩ ዝም ብሎ አፈር አይደለም። ተነፍቶ፣ ከሰናፍጭ ዘይት፣ ከእርድና ከአሬራ ጋር እየተደባለቀ ይዘጋጃል፤ በየማለዳው ታጋዮቹ ራሳቸው በአካፋ ይገለብጡታል፣ ይህም የሰውነት ማሟሟቂያ ሆኖ ይቆጠርላቸዋል። ወደ ጉድጓዱ የሚገባ ሰው አፈሩን ነክቶ ግንባሩን ይነካል። ከዚያ በመቶዎች የሚቆጠር ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግ ይሠራል፤ ከባድ የእንጨት ዱላ በትከሻው ዙሪያ ያዞራል። ሲታገሉ ላብ እንዳያንሸራትታቸው አንዱ በሌላው ገላ ላይ አፈር ይበትናል። ሲጨርሱ ወተትና የተፈጨ ለውዝ ይጠጣሉ። ድል የሚለየውም እኛ እንደምናውቀው ነው፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ።

የዚህ ጥበብ ታላቁ ስም ጋማ ነው። በ1910 ለንደን ሄዶ ስሙን ካስጠራ በኋላ፣ በ1928 በፓቲያላ ፖላንዳዊውን ዝቢሽኮን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጣለው። ነጻይቱ ሕንድ በግል ውድድር ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያም የትግል ነው፤ ካሻባ ጃዳቭ በ1952 በሄልሲንኪ ያመጣው ነሐስ። ሳክሺ ማሊክ ደግሞ በ2016 በሪዮ በትግል ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሕንዳዊት ሆነች። ዛሬ የኦሊምፒክ ሕልም ያለው ወጣት ከአፈሩ ወደ ምንጣፉ መሸጋገር ግድ ነው፤ በአፈር ላይ የለመደ ሰው በምንጣፍ ላይ ፍጥነት ያንሰዋልና ሽግግሩ ቀላል አይደለም። በማሃራሽትራ ያለችው ኮላፑር አሁንም የአፈሩ ትግል የሚከበርባት ከተማ ናት። እንግዳ ሰው በአክብሮት ፈቃድ ጠይቆ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ዳር ቆሞ መመልከት ይችላል፤ አሠልጣኙ ካልጋበዘው ግን ወደ አፈሩ አይግባ። ሴቶች የማይገቡባቸው አካራዎች ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ባድሚንተን፣ ቼዝና እግር ኳስ

በእጁ አንድ ነገር ይዞ መጫወት ለሚፈልግ ተማሪ የማያሳፍረው ምርጫ ባድሚንተን ነው። በሰሜን ሕንድ የብርዱ ወራት ሲገባ በየሰፈሩ ክፍት ቦታ ላይ መስመር ይሰመራል፣ መረብ ይወጠራል፣ ከቤት በተሳበ ገመድ አምፖል ይንጠለጠላል፤ ከዚያ እስከ ምሽት ድረስ ተራ እየጠበቁ ይጫወታሉ። ሁለት ራኬትና አንድ ጓደኛ ይበቃል። ጨዋታው ራሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ መኮንኖች ዘንድ በፑኔ ሲዘወተር «ፑና» እስከ መባል የደረሰ ነበር። ሲንዱ የምትባለው ተጫዋች በሁለት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ብርና ነሐስ ካገኘች፣ የወንዶቹም ቡድን በ2022 ኢንዶኔዥያን 3 ለ0 አሸንፎ የቶማስን ዋንጫ፣ ማለትም የወንዶች ቡድኖችን የዓለም ዋንጫ፣ ከወሰደ በኋላ አሠልጣኝ ማግኘት ቀላል ሆኗል።

ቼዝን የሚመርጥ ኢትዮጵያዊ ቃሉን አስቀድሞ ያውቀዋል። በሳንስክሪት «ቻቱራንጋ» የተባለው፣ እግረኛ፣ ፈረስ፣ ዝሆንና ሠረገላ ያለው ጨዋታ ወደ ፋርስ፣ ከዚያም ወደ ዐረብ ተሻግሮ «ሻትራንጅ» ሲባል፣ እኛ ጋ ደርሶ «ሰንጠረዥ» ሆኗል። አባቶቻችን መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሱበትን ወረራ ጨምረውበታል፤ ይህን ለቼናይ ተጫዋች ማጫወት ጥሩ የወዳጅነት መጀመሪያ ነው። የዚያች ከተማ ሰው የሆነው አናንድ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ የእርሱ አገር ልጅ ጉኬሽ ደግሞ በታኅሣሥ 2024 በሲንጋፖር፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ዘውዱን ወሰደ።

ስለ እግር ኳስ ብዙ አልልም፤ የእኛ አንባቢ የእንግሊዝን ሊግ ትቶ የሕንድን እንዲያይ ማሳመን ይከብዳል። ኮልካታ የደረሰ ሰው ግን የሞሁን ባጋንና የኢስት ቤንጋልን ግጥሚያ አያሳልፍ። ሞሁን ባጋን በ1911 ብዙዎቹ ተጫዋቾቹ በባዶ እግራቸው ሆነው የእንግሊዝ ጦር ቡድንን 2 ለ1 ማሸነፋቸው እስከ ዛሬ ይዘከራል። ኢስት ቤንጋል ሲያሸንፍ ደጋፊዎቹ ሂልሳ የሚባለውን ዓሣ፣ ሞሁን ባጋን ሲያሸንፍ ደግሞ ሽሪምፕ ገዝተው ይበላሉ፤ በማግሥቱ ገበያውን አይቶ ውጤቱን መገመት ይቻላል።

ለሯጭ አንድ ቃል ብቻ እጨምራለሁ። በሕንድ ረጅም ርቀት የምንመለከተው የራሳችንን ሰው ነው፤ በ2020 የዴልሂ ግማሽ ማራቶን አምደወርቅ ዋለልኝና ያለምዘርፍ የኋላው በወንዶችና በሴቶች አሸንፈዋል። በአትሌቲክስ ሕንዳውያን የሚኮሩት በጦር ውርወራ ነው፤ ኒራጅ ቾፕራ በቶኪዮ 87.58 ሜትር ወርውሮ ወርቅ አግኝቷል።

በዓልን ተከትሎ ለሚጓዝ

የባህል ውድድሮች የሚመረጡት በቀን መቁጠሪያ ነው። ነሐሴ አካባቢ ኬረላ ያለ ሰው የእባብ ጀልባዎቹን ውድድር ይመልከት። በአላፑዣ ፑናማዳ ሐይቅ ላይ የሚካሄደው የኔህሩ ዋንጫ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ1952 አካባቢውን ሲጎበኙ የተጀመረ ነው። የኋላው ጫፍ እንደ እባብ ራስ ወደ ላይ የቀና ረጅም ጀልባ ላይ መቶ የሚያህሉ ቀዛፊዎች በዜማ እየተመሩ በአንድ ምት ይቀዝፋሉ። አንዱ ከምቱ ከወጣ መቅዘፊያው ከጎረቤቱ ጋር ይጋጫልና ዜማው ለጌጥ የገባ አይደለም።

ከጥምቀታችን ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ደግሞ ሁለት ነገሮች በአንድ ሳምንት ይገጣጠማሉ። በታሚል ናዱ የፖንጋል በዓል ሲከበር በአላንጋናሉር መንደር «ጃሊካቱ» ይደረጋል፤ ከጠባብ በር የተለቀቀ ኮርማ ሻኛ ላይ ተጠምጥሞ የተወሰነ ርቀት መቆየት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 አግዶት ነበር፤ በ2017 ሕዝብ በቼናይ ማሪና የባሕር ዳርቻ ላይ ተሰብስቦ ከጠየቀ በኋላ ክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጥቶ ፈቀደው፤ ፍርድ ቤቱም በ2023 ሕጉን አጸናው። ሰው የሚሞትበት፣ እንስሳውም የሚንገላታበት ስለሆነ እኔ አልመርጠውም፤ የሚሄድ ሰው ካለ ግን ከመከለያው ጀርባ ይቁም።

በዚያው ሰሞን፣ ጥር 14፣ በጉጃራት ክፍለ ግዛት የአህመዳባድ ሕዝብ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የወረቀት ካይት ያበራል፤ ዓላማው የሌላውን ገመድ በራስ ገመድ ቆርጦ መጣል ነው። ሁለቱን ለማወዳደር የተቸገረ መንገደኛ ይህንኛውን ይምረጥ። ገመዱ ግን የመስታወት ዱቄት ስለሚቀባ ወፎችን ይጎዳል፣ አንገቱን ሳይሸፍን በሞተር ብስክሌት የሚያልፍንም ሰው ይቆርጣል፤ የናይለኑ ዓይነት ከ2017 ጀምሮ የታገደ በመሆኑ ሲገዙ የጥጡን መጠየቅ ያስፈልጋል። ጀማሪ ገመዱን ከመያዙ በፊት ጣቶቹን በፕላስተር ይጠቅልል፤ የአህመዳባድ ሰዎች ራሳቸው ጠቅልለው ነው ወደ ጣሪያው የሚወጡት።